በእሱ ስም የተከፈተው ስልክ

መስከረም 22

ከእጄ በልታ ላደገችው፣ ከዓይኔ ብትርቅም ከአፌ ላልጠፋችው የወንድሜ ልጅ፣ ለሚጢዬ፤

ፈጣሪ የፊትሽን መንገድ ይጥረግልሽ፣ ኋላሽንም ይጠብቅልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ካላየ አያኮርፍም።

የላክሽው ስልክ ደረሰ። ያመጣችው መንገደኛ ሴት በሻርፕ ጠቅልላ፣ ከነኬብሉ አስረከበችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ኮምፒውተሬ ተቃጥሎ ወር ሙሉ እጄን አጣጥፌ መቀመጤን ብጽፍልሽ፣ አንቺ ስልክ ትልኪልኛለሽ? በዚህች መዳፍ በምታህል ነገር ላይ ማን ነው ስድስት ገጽ ይግባኝ የሚጽፈው ብዬ አማሁሽ። ይቅር በዪኝ።

ጎረቤቴን ባለፎቶ ኮፒውን ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ ክፍል የሚለየው አንድ ኮምፔርሳቶ ነው፤ እኔ ሳነጥስ እሱ ይማርሽ ይለኛል። መጥቶ አገላበጠውና የኬብሉን አንዱን ጫፍ ስልኩ ላይ፣ ሌላውን ከሞተው ኮምፒውተር በተረፈው ስክሪን ላይ ሰካው። ኪቦርዱንም ማውሱንም አያያዘልኝ። ስክሪኑ ብልጭ አለና ልክ እንደ ኮምፒውተር ተከፈተ። ጽሑፉ እንደ ድሮው ሰፊ ገጽ ላይ ይመጣል፤ አንቀጽ እቆርጣለሁ፣ እለጥፋለሁ። ስልኩ ጎን ላይ ተጋድሞ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ደርቤበታለሁ። ደንበኛው የሚያየው ስክሪኑን ስለሆነ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ሥር ያለ ይመስለዋል።

ጣጣ የለውም አልልሽም። ሲሠራ ሲውል ይግላል፣ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን እየዳሰስኩ አሳርፈዋለሁ። ባለፈው ሰኞ አንድ ሰውዬ የርስት ክርክሩን እያስጻፈኝ፣ «አባታችን ከዚህ ዓለም በሞት» ሲል ስልኩ በዘፈን ጠራ። ሰውዬው ተቀይሞኝ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ብቻ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለችው ክፍሌ እንደገና ሰው ገባባት። ይኸው ትላንት ዘጠኝ ማመልከቻ ጻፍኩ።

አዲሱን ስልክ ቁጥርሽን ግን አልጻፍሽልኝም፤ ረስተሽው ይሆናል። ባለቤትሽን ከሠርጋችሁ ፎቶ በቀር ባላውቀውም ሰላም በዪልኝ።

አክስትሽ


ጥቅምት 17

ለማትጠገቢው አክስቴ፤

እግዜር ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጣቶችሽን ከቁርጥማት ይጠብቃቸው። ስልኩ ሥራ ላይ መዋሉን ሳነብ ደስ አለኝ። ለአንቺ ይሆናል ብዬ ያሰብኩት፣ እዚህ የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ስልኩን እንደዚያ ስክሪን ላይ ሰክቶ የፈረቃ ዝርዝር ሲሠራበት አይቼ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ማጠቢያው ያለው ከሆስፒታሉ ሥር፣ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ግን ይሞቃል። አንሶላው ከማሽን ትኩስ ሆኖ ሲወጣ ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ ወደ ኋላ ሄደን፣ ወደ ፊት መጥተን እናጥፋለን። ከእኔ ጋር የምታጥፈውን ሴት የአንሶላ ጓደኛዬ እላታለሁ። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት እየተያየን ስለምንውል የሆዴን ከፊቴ ታነባለች።

ባለቤቴም ደህና ነው። አሳንሰር መጠገኑን ቀጥሏል።

ስልክ ቁጥሬ ገና አልረጋልኝም፤ ሲረጋ እልክልሻለሁ። እስከዚያ ደብዳቤ ወደ ቤት አትላኪ፤ በዚህ ፖስታ ጀርባ ወዳለው የሥራ ቦታዬ አድራሻ ይሁን። የሕንፃችን የፖስታ ሣጥን ተሰብሯል። ደግሞ ያ ስልክ የእኔ የነበረ መሆኑን ለማንም ባታወሪ ደስ ይለኛል። ምክንያት ኖሮኝ አይደለም።

የምትወድሽ ሚጢ


ኅዳር 6

ለሚጢዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። ደብዳቤሽ አጠረብኝ። በማጠቢያ ቤት ጨዋታ ሸንግለሽ የራስሽን ነገር ሳትነግሪኝ ዘጋሽው። ግን አልቀየምኩም፤ አንቺ ብትደብቂኝም ኑሮሽን እያየሁት ነው።

እንዴት ብትዪ፣ ጠዋት ክፍሌን ከፍቼ ስልኩን ስሰካው ፎቶ መጥቶ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ የሰው መስሎኝ ነበር፤ በኋላ በስክሪኑ ሙሉ አድርጌ ብከፍተው አንቺ ነሽ። ባለቤትሽ ያነሳሽ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አሁን ሃያ ደርሰዋል። አንዱ ላይ ግራጫ ካፖርት ለብሰሽ አውቶቡስ ትጠብቂያለሽ። አንዱ ላይ ዳቦ ይዘሽ ወደ አንድ አረንጓዴ በር ትገቢያለሽ፤ በሩ ላይ 17 ተጽፏል። በስልኩ ላይ ብትሆኚ ነጥብ ታክዪ ነበር፤ በስክሪኑ ላይ ግን የካፖርትሽ ሁለተኛው ቁልፍ መበጠሱ ሳይቀር ይታየኛል። ስፊው እንጂ ልጄ፣ ብርዱ በዚያ ነው የሚገባው።

ምን ያህል ቢወድሽ ነው ብዬ ለባለፎቶ ኮፒው አሳየሁት። ሁልጊዜ ከኋላሽ ወይ ከመንገድ ማዶ ነው የሚያነሳሽ፤ ዓይን አፋር ነው መሰል። አንድም ላይ ወደ እሱ ዞረሽ አላየሁሽም። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ዘወር ብለሽ ሳቂለት።

አክስትሽ


ኅዳር 19

አክስቴ፤

ሰላምታ የማስረዝምበት አቅም የለኝም፤ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ዛሬ ነው፣ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ። ስጨርስ ካፖርቴን አወረድኩና አየሁት። ሁለተኛው ቁልፍ የለም።

የዋሸሁሽን ሁሉ ይቅር በዪኝ። እሱን ጥዬ ከወጣሁ አምስት ወር ሊሆነኝ ነው። አረንጓዴው በር የተከራየሁት ቤት ነው። ያንን በር አያውቀውም ብዬ ነበር። አውቶቡስ እቀይራለሁ፣ ከሥራ በጓሮ በር እወጣለሁ፣ ስልክ ቁጥሬን ለማንም አልሰጥም። እነዚያን ሃያ ፎቶዎች ሲያነሳ አንድም ቀን አላየሁትም።

ስልኩን የገዛልኝ እሱ ነው። ሲከፍተውም «አንቺ አትቸገሪ» ብሎ በራሱ አካውንት፣ በራሱ ስም ከፈተው። እሱ በራሱ ስልክ ፎቶ ሲያነሳ በዚያኛውም ላይ ይመጣል። እኔ የራሴን ፎቶና ጽሑፍ አጥፍቼ ንጹሕ አደረግሁት ብዬ ላክሁልሽ፤ የእሱ አካውንት ውስጡ መቅረቱን አላሰብኩም። እሱን ደግሞ ስልኩ ውኃ ገብቶበት ተበላሸ፣ ጣልኩት ብዬው ነበር፤ ስለዚህ አንቺ ዘንድ መኖሩን አያውቅም።

ስለምን አትደውዪም ትዪ ይሆናል። አንድ ቀን ለአንሶላ ጓደኛዬ በስልክ ያወራሁትን እራት ላይ ቃል በቃል ደገመልኝ፣ እየሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ላይ ድምፄ አይወጣም። ወረቀት ይሻለኛል።

አሁን የምለምንሽን አድርጊልኝ። በዚያ ስልክ ላይ ስሜን አትጻፊ፣ ምንም አትላኪ፣ ምንም አታጥፊ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየሽ የምታዪውን ሁሉ ጻፊልኝ። በተለይ በሩን አልፎ ገብቶ እንደሆነ።

ሚጢ


ኅዳር 30

ልጄ፤

ደብዳቤሽን በፈጣን ፖስታ ስለላክሽው በአሥር ቀን ደረሰኝ። ይቅር በዪኝ የምለውስ እኔ ነኝ። ሰው ለአሳዳጁ «ዘወር ብለሽ ሳቂለት» ተብሎ ይጻፍለታል? ያንን መስመር በጻፈ እጄ እንጀራ መብላት አስጠላኝ።

መጀመሪያ ስልኩን ከድንጋይ ጋር አስሬ ወንዝ ልጨምረው ነበር። ባለፎቶ ኮፒው ነው የያዘኝ። የደንበኞቼን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ፍላሽ አወጣልኝ፤ ከእንግዲህም እዚያው ፍላሽ ላይ ብቻ ነው የማስቀምጠው፤ የሰው ምስጢር ባልሽ ዘንድ እንዳይሄድ። ከዚያ ሁለታችን በሩን ዘግተን ፎቶዎቹን ከመጀመሪያው ጀምረን አየናቸው።

እጄ የለመደው አቤቱታ ስለሆነ እንደ አቤቱታ እጽፍልሻለሁ። እስከ ኅዳር 12 ያሉት ሁሉ ከውጭ የተነሡ ናቸው። ኅዳር 14፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሕንፃው መግቢያ ከውስጥ በኩል። ኅዳር 15፣ የአሳንሰሩ በር ተከፍቶ፣ ውስጡ ሽቦና ጨለማ ነው፤ የመሣሪያ ቦርሳው ወለሉ ላይ ይታያል። ኅዳር 21፣ ረጅም ኮሪደር። ኅዳር 24፣ ቡናማ በር፣ ከሥሩ የጫማ መጥረጊያ ምንጣፍ። ኅዳር 27 የመጣውን ግን መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም፤ ጥቁር ነገር በናስ የተከበበ ነው። በስክሪኑ አጉልቼ ሳየው የበር ቁልፍ ቀዳዳ ነው። በጣም ተጠግቶ ነው ያነሳው።

ቡናማው በር የክፍልሽ ከሆነ ይህን ደብዳቤ አንብበሽ አትመለሺበት። ልብስሽን እንኳ ልውሰድ አትበዪ። የሕንፃ አሳንሰር ጠጋኝ ነኝ ብሎ ቦርሳ ለያዘ ሰው በር የማይከፍት ጥበቃ የለም።

የምትሄጂበትን ንገሪኝ። አይ፣ አትንገሪኝ። ደህና መሆንሽን ብቻ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 12

ለአክስቴ፤

አምላክ ከነሙሉ ዓይንሽ ያቆይልኝ። በሩ የእኔው ነበር። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለሥራ እንደገባሁ ነው፤ ያን ቀን የአንሶላ ጓደኛዬ ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ አነበበችውና ወደ ቤቷ ይዛኝ ሄደች። ክፍሌ ውስጥ የቀረው ይቅር።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ አብረን ሄድን። መርማሪዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ግን የአንቺን ደብዳቤ ተርጉሜ ስነግራት ጥያቄዋ አንድ ነው። ፎቶው ማን እንዳነሳው አይናገርም፤ ስልኩ ያለው ሌላ አገር፣ በዘመድሽ እጅ ነው፤ ሰውየው አካውንቴ ላይ ሰው ገብቶበት ነው ቢል ምን ትመልሻለሽ አለችኝ። ከራሱ አፍ የወጣ ወይ በራሱ እጅ የተጻፈ ነገር ካለሽ አምጪ አለችኝ። እንደዚያ ያለ ነገር ከየት አመጣለሁ?

ስልኩን እዘጋዋለሁ ብለሽ እንደሆነ እባክሽ አትዝጊው። ፎቶ እስካነሳ ድረስ የት እንዳለ እናውቃለን። እኔ እዚህ መንገድ ላይ የማየው ሰው ሁሉ እሱን ይመስለኛል፤ እሱ የሌለበትን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ሚጢ


ታኅሣሥ 28

ልጄ፤

ይህቺን በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ። አውቶቡስ ማቆሚያውን፣ አረንጓዴውን በር፣ የሆስፒታሉን የጓሮ አጥር እየዞረ ሲያነሳ ሰነበተ። አንቺ በአንዱም የለሽም፣ ተመስገን። ከታኅሣሥ 19 ወዲህ ግን አንድም ፎቶ አልመጣም። ጠዋት እሰካዋለሁ፣ ባዶ ነው። ከሰዓት እሰካዋለሁ፣ ባዶ ነው። ዝምታው ከፎቶው ባሰብኝ። ካለሽ በአንድ መስመር አለሁ በዪኝ።

አክስትሽ


ጥር 11

ለሚጢዬ፤

መልስሽ አልደረሰኝም፤ ይህንንም የምጽፈው ታነቢዋለሽ ብዬ አምኜ ነው። ፈጣሪ በወጣሽበት ያግባሽ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታሸገ ሌላ ወረቀት አለ። እሱን ከማየትሽ በፊት ይህን አንብቢ፤ ደንግጠሽ እንዳትቀዳድጂው።

ጥር 6 ጠዋት ስልኩን ስሰካው ሦስት ፎቶ መጥቷል። አንዱ የአውሮፕላን ማረፊያ አዳራሽ ነው። ሁለተኛው የሆቴል መስኮት። ሦስተኛው የፍርድ ቤቱ በር ነው፤ የእኛው ፍርድ ቤት። አልገባኝም መጀመሪያ። በየቀኑ የምትገቢበትን በር ስክሪን ላይ ስታዪው የሌላ አገር ይመስላል። ቀና ብዬ በመስኮት አየሁ፤ በሩ ያው ነው፣ ባለጉዳዩ ተሰልፏል። ወዲያው አራተኛው መጣ። የእኔ ክፍል ናት። «ማመልከቻ ይጻፋል» የሚለው ታፔላዬ፣ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ውስጥ ጎንበስ ያልኩ አንዲት ሽበታም ሴት።

ሮጬ ልወጣ ተነሣሁና ተውኩት። ኮምፔርሳቶውን አንኳኳሁ። ባለፎቶ ኮፒው ብቅ ሲል ስክሪኑን አሳየሁት። ፖሊስ ልጥራ ወይ አለ። ፖሊሱ መጥቶ ምን ይለዋል፣ ፎቶ አነሳህ ብሎ ያስረዋል? ክፍልህ ግባ፣ በርህን አትዝጋ፣ ድምፄ ከፍ ካለ ና አልኩት። ስልኩን በጨርቁ በደንብ ሸፈንኩት። ብነቅለው ስክሪኑ ይጠፋል፣ ስክሪኑ ከጠፋ ሥራ የለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ተውኩት። ኢንተርኔቱን ማጥፋት እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ ሰውየው በሩ ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

ከሠርጋችሁ ፎቶ ከስቷል። ጫማው የተወለወለ፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ክፉ ሰው ክፉ ፊት ይዞ ቢመጣ ሥራችን እንዴት በቀለለ።

«እናቴ፣ አቤቱታ ይጻፋል?» አለኝ።

ይጻፋል፣ ተቀመጥ አልኩት። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠግቶ፣ ጉልበቱ ጨርቁን ሊነካ እስኪደርስ ተቀመጠ። ሚስቴ ጠፍታብኛለች፣ እንድትፈለግልኝ ለፍርድ ቤት ማመልከት እፈልጋለሁ አለ። እሺ ብዬ አዲስ ገጽ ከፈትኩ። አመልካች ብዬ ስሙን ጠየቅሁት፤ ሙሉ ስሙን፣ የፓስፖርት ቁጥሩን፣ ያረፈበትን ሆቴል ሰጠኝ። አመልካች ሁሉ የሚሞላው ነውና አላቅማማም።

«ሚስቴን የደበቀቻት አክስቷ ናት ብለው ይጻፉ» አለ።

የአክስቷ ስም ማን ይባላል አልኩት። ዓይኔን ከኪቦርዱ አላነሳሁም።

«እሱን እርስዎ ይሙሉት» አለኝ።

ሚጢዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስም በተጠሪ ቦታ ላይ ጽፌያለሁ። የራሴን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ጽፌ ጨረስኩ፣ እሱም ስክሪኑን ትቶ እኔን አየ። የመጣው ሊያስጽፍ አይደለም፤ ሲያስጽፍ ፊቴን ሊያይ ነው። ያን ጊዜ የመርማሪዋ ነገር መጣብኝ። በራሱ እጅ የተጻፈ ብላ የለም? እሱ ካልጻፈ እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ እሱ ይፈርማል።

ፍርሃቴን እንደያዝኩ የለመድኩትን መናገር ጀመርኩ። ዳኛ ሚስቴ ጠፋች የሚል ደረቅ ነገር አይቀበልም፣ ከስንት አንዱ ነው የሚሳካለት፣ ባል በእውነት እንደፈለጋት የሚያሳይ ዝርዝር ያስፈልጋል፣ የት አየሃት፣ መቼ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ሁኔታ አልኩት። እንዲህ ያለው ነገር እንደ ሥራው ነው መሰል ደስ አለው። አሳንሰር ሲጠገን ሁሉም ነገር በቀንና በሰዓት ይመዘገባል አለኝ። ስልኩን አወጣና ፎቶዎቹን እያየ ይነግረኝ ጀመር። እኔ ሁሉንም አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ እንዳልሰማ ሆኜ እያስደገምኩ ጻፍኩ። የአውቶቡስ ማቆሚያውን፣ የ17 ቁጥሩን በር፣ ኅዳር 15 «በሥራ ምክንያት» ወደ ሕንፃው መግባቱን፣ ኅዳር 27 ክፍሏ በር ድረስ ሄዶ ለመክፈት ሞክሮ አለመከፈቱን። ይህን የመጨረሻውን እኔ አልጠየቅሁትም። ራሱ ነው የጨመረው፤ ምን ያህል እንደደከመ እንዲታይለት።

መመለሻው ጥር 20 መሆኑንም ነገረኝ፤ ቀጠሮ ከዚያ በፊት እንዲሆንለት።

ስጨርስ ስልኩን ቀና አድርጎ ስክሪኑን ፎቶ አነሳው። እሱ ያነሳው ሁሉ የሚመጣው እዚሁ፣ እሱ ፊት ለፊት በተቀመጠበት ስክሪን ላይ ነው። ያን ቀን ኔትወርኩ ይጎተት ነበር፤ ምን ያህል እንደሚጎተት ግን አላውቅም። ወረቀቱ ከጎረቤቴ ማተሚያ ነው የሚወጣው፣ ና እዚያ እናውጣው ብዬ ፍላሹን ነቅዬ ቀድሜው ተነሣሁ። ተከተለኝ። በሩን ስወጣ ዘወር ብል ፎቶው መጥቷል፤ ስክሪኑ ላይ ስክሪኑ፣ ከሥሩም የእኔ እጅ። ጀርባው ወደዚያ ነበር። ተመስገን ጀርባው ወደዚያ ነበር።

ባለፎቶ ኮፒው ሦስት አወጣ። ፊርማህን በየገጹ፣ በመጨረሻም «የተጻፈው እውነት መሆኑን በቃለ መሐላ አረጋግጣለሁ» ከሚለው ሥር አልኩት። ሁለቱ የመዝገብ ቤት፣ አንዱ እዚህ ጽሕፈት ቤት ይቀራል አልኩት፤ ይህም ሁልጊዜ የማደርገው ነውና አልዋሸሁም። ብዕሩን ይዞ ቀና አለና አየኝ።

«አክስቷ ይህን ብታነብ ምን የምትል ይመስልዎታል?»

«ፊርማ ይጎድለዋል ትላለች» አልኩት።

ፈገግ አለ። ፈረመ። ገጹን ሁሉ ፈረመ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ የት እንዳለች ካስታወሱ ሁለት ሳምንት እዚሁ ነኝ አለኝና ወደ ፍርድ ቤቱ ሳይሆን ወደ አስፋልቱ ሄደ። እኔ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተደግፌ ቀረሁ፤ ልብሴ በላብ ረጥቦ ነበር። ባለፎቶ ኮፒው ውኃ ሰጠኝ፤ ብርጭቆውን ራሱ ይዞ ነው ያጠጣኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከመንገድ ማዶ ይቆማል። ፎቶ ያነሳኛል፣ እኔም አየዋለሁ። የክፍሌን ቁልፍ ቀይሬያለሁ፣ ማታ የምሄደው ከባለፎቶ ኮፒው ጋር ነው። ለእኔ አታስቢ። እሱ እኔን ሲጠብቅ አንቺን አይጠብቅም። ይህን ሁሉ በፖስታ አላምነውም፤ ስልኩን ያመጣችልኝ ሴት ነገ ስለምትሳፈር በእጇ ሰጥቼያታለሁ። እሱ ጥር 20 ከመሳፈሩ በፊት ወረቀቱ መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

አክስትሽ


መጋቢት 2

ለአክስቴ፣ ለእናቴም ለአባቴም፤

ያቆመሽ አምላክ አይለይሽ። ዝም ያልኩሽ ጠፍቼ አይደለም፤ መርማሪዋ ነገሩ እስኪያልቅ ለማንም አትጻፊ ብላኝ ነው። በየቀኑ ምን ታስቢ እንደነበር አውቃለሁ።

ወረቀቱ ጥር 13 እጄ ገባ። የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ቁጭ ብላ ተረጎመችው፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀምጣ ውጪ ወጥታ ተመለሰች። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ይህን ያስጻፈችው ጠበቃ ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አክስቴ ናት አልኳት።

ጥር 20 ከአውሮፕላን ሲወርድ ፖሊሶች ጠበቁት። ፍርድ ቤት የቀረብነው ከሳምንት በኋላ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በእኔና በእሱ መካከል ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ጠበቃው ፎቶዎቹ የእሱ ላይሆኑ ይችላሉ ብሎ ጀምሮ ነበር። ዳኛዋ ያንቺን ወረቀት አነሳችና ፊርማው የአንተ ነው ወይ አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አየኝና የእኔ ነው አለ፤ ፊርማዬ አይደለም ማለት ክብሩን የሚነካው ይመስል። ቀኖቹ አንድ በአንድ ሲነበቡ ራሴን አቀርቅሬ ሰማሁ። ዳቦ የገዛሁበትን ቀን፣ ቆሜ ያለቀስኩበትን ቀን፣ እኔ የረሳሁትን ሁሉ እሱ ያውቀዋል። ከፎቶው ሁሉ የከፋብኝ ያ ነው።

ወደ እኔ እንዳይቀርብ፣ እንዳይጽፍ፣ ሰው እንዳይልክ ታዘዘ፤ በሩን ለመክፈት በሞከረውም አራት ወር ተፈርዶበታል። ድርጅቱ የሕንፃ ቁልፎቹን ቀምቶታል። አራት ወር ረጅም አይደለም፤ በግንቦት ይወጣል። ያንቺ ስልክ እስካሁን ተቆልፎ ፓስወርድ እየጠየቀሽ ይሆናል፤ ጠበቃው የአካውንቱን ፓስወርድ አስለውጦታል። ጽሑፍሽ ፍላሽ ላይ ስለሆነ አትጎጂም። ባለፎቶ ኮፒው እንደ አዲስ በራስሽ ስም ይክፈትልሽ። ግን ከእንግዲህ የት እንዳለ ማየት አንችልም። ፎቶዎቹን ጠልቻቸው ነበር፤ አሁን አለመኖራቸውም ያስፈራኛል። መንገድ ላይ ስሄድ አክስቴ እያየችልኝ ነው እል ነበር።

ከተማ ቀይሬያለሁ። ሌላ ማጠቢያ ቤት ነው የምሠራው፣ ይኸኛው መስኮት አለው። የአንሶላ ጓደኛዬ ጋ እንኳ የተውኩት አድራሻ የለም። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ያቺው መንገደኛ ሴት ናት። ክፍልሽ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ የምኖርበትን በጆሮሽ ትነግርሻለች። ሁለቴ አስደግሚያት። ከዚያ በቃልሽ ያዢው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የነገረሽን ሁሉ ጽፈሻል፤ ይህቺን አንዷን ግን አትጻፊያት።

ሚጢ